ከሁለት የመቀበያ ደብዳቤዎች አንዱን ስለ መምረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በቀድሞ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ፋይናንስ የማስተርስ ትምህርት ጥቂት ቃል እንድንናገር ተጋብዘናል። ከአገር ውስጥም ከውጭም የመቀበያ ደብዳቤ የደረሰው ሰው የትኛውን ይምረጥ? በእኛ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ይህ ጥያቄ የአንድ ልጅ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ደብዳቤው የመጣ ለታ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል፤ በማግሥቱ ግን አባትና እናት ቤቱን ስለ መሸጥ ቀስ ብለው ይነጋገራሉ።

ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲው ስም አስቀድመን ገንዘቡን እንይ። አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ የትምህርቱን ዋጋ እኩሌታ እረዳለሁ ቢል፥ የቀረው እኩሌታ፥ የቤት ኪራዩ፥ ምግቡ፥ የቪዛው ክፍያ በተማሪው ላይ ነው፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ። ከቤተ ሰብ የሚፈለገው 10,000 የአሜሪካ ዶላር ነው እንበል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ይህ በባንክ ዋጋ 570,000 ብር ያህል ነበር። በዚያው ክረምት ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ያው ክፍያ ከ1,000,000 ብር በላይ ሆነ። የሚሰጠው ትምህርት ግን አንዲት ምዕራፍ አልጨመረም። የምንዛሪን ነገር ሊማር የሚሄድ ሰው የራሱን ምንዛሪ ሳያሰላ ቢነሣ ያስገርማል።

ወጪው በሙሉ የሚሸፈን ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የብሪታንያ መንግሥት የሚሰጠው ቺቭኒንግ የተባለው ዕድል የአንድ ዓመት የማስተርስ ትምህርት ወጪን ይከፍላል፤ አስቀድሞ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፥ ከጨረሱም በኋላ ወደ አገር ተመልሶ 2 ዓመት መቆየትን ያስገድዳል። ይህን ግዴታ እንደ እስራት የሚቆጥሩት አሉ፤ እኛ አንቆጥረውም። የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. ወጥቶ፥ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቶ፥ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። ለውጭ ባንኮች በር የከፈተው አዋጅም በዚያው ዓመት ጸድቋል። አክሲዮን መመዘንና የባንክን ሥጋት መለካት የሚያውቅ ሰው እዚሁ ይፈለጋልና፥ የዩኒቨርሲቲውን የደረጃ ቁጥር ከመመልከት የኮርሶቹን ዝርዝር ማንበብ ይበልጣል።

ወጪው በከፊል ብቻ የሚሸፈን ከሆነስ? እኛ የአገር ውስጡን እንመርጣለን። በማታው ክፍለ ጊዜ የሚማር ሰው ቀን ይሠራል፥ ደመወዙም አይቋረጥም፤ ያ ደመወዝ ራሱ ወደ ውጭ ለሚሄደው የማይታይ ወጪ መሆኑን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ከሥራ በኋላ ስድስት ኪሎ ተምሮ ማታ አባዶ መግባት፥ በተለይ የመገናኛው የታክሲ ሰልፍ፥ ራሱን የቻለ ፈተና መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ቤት አያሸጥም።

ወላጆች ሆይ፥ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው መስመር አስነብቡ። መቀበሉ በቅድመ ሁኔታ ነውን? የሚያዘው ቀብድ ቪዛ ቢከለከል ይመለሳልን? ቦታውን ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት ይቻላልን? እነዚህን በጽሑፍ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም ይመልሳሉ።

ከዚህ ሥነ ሥርዓት በኋላ በአዳራሹ እንቆያለን። ደብዳቤ የደረሳችሁ ካላችሁ ይዛችሁ ቅረቡ፤ አብረን እናነበዋለን።