የፈሩት ነገር ስለ ምን ይገዝፋል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ስለ ታላላቅ ነገሮች ተነግሮአል። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ጅብ ነው። አትሳቁ፤ ጕዳዩ ከጅቡ ይልቅ የእኛን ዓይን የሚመለከት ነው።

በከተማችን በድሬዳዋ ማታ በደቻቱ አሸዋ ላይ ጅብ ያየ ሰው፥ «አህያ ያህላል» ብሎ ይጀምራል። ወሬው ከከዚራ ተነሥቶ መጋላ እስኪደርስ አህያው በሬ ይሆናል። እውነተኛው ጅብ ግን ብዙውን ጊዜ ክብደቱ ከ45 እስከ 80 ኪሎ፥ የትከሻውም ቁመት ከአንድ ሜትር በታች ነው። ደግሞም ከወንዱ ሴቲቱ ትበልጣለች፤ «አያ ጅቦ» እያልን የፈራነው ምናልባት እመት ጅቦ ነበረች።

ስለ ምን ይገዝፍብናል? ጨለማው በአጠገቡ የምናስተያየውን ነገር ሁሉ ይደብቅብናል። ዓይኑ በባትሪ ብርሃን ሲያበራ ብቻውን ይታያል፤ ድምፁም ከብዙ ኪሎ ሜትር ይሰማል። የቀረውን አካል የምንሠራለት እኛው ነን፤ ፍርሃት ደግሞ ሲሠራ ቆጥቦ አያውቅም። በሐረር ከግንቡ ውጭ ማታ ማታ ሥጋ በእንጨት ጫፍ፥ አንዳንዴም በአፋቸው ይዘው ጅብ የሚያበሉት ሰዎች ግን በክንድ ርቀት ያዩታልና በስሙ እየጠሩ ያጎርሱታል።

የጎልያድም ነገር እንዲሁ ነው። በምናነበው መጽሐፍ ቅዱስ ቁመቱ ስድስት ክንድ ከስንዝር፥ ማለት ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ በተገኘው ጥንታዊ ጥቅልል ግን የተጻፈው አራት ክንድ ከስንዝር፥ ሁለት ሜትር ያህል ነው። የትኛው እንደሚቀድም ሊቃውንት ይከራከራሉ። እኔ አራቱን አምናለሁ፤ የሁለት ሜትር ሰው ጦር ይዞ ቢቆምብኝ እኔም ስድስት ክንድ ነው ብዬ እምል ነበር።

አክብሮትም ከፍርሃት አያንስም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቁመታቸው አጭር ነበረ። በኅዳር 1956 ዓ.ም. በዋሽንግተን በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀብር ላይ ሁለት ሜትር ከሚጠጉት ከፈረንሳዩ ከደጎል ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ ይህን ያሳያል። የሠፈራችን አንድ አዛውንት ፎቶግራፉን ባሳየኋቸው ጊዜ ተቆጡ። «ንጉሡን እዚሁ ድሬዳዋ አይቻቸዋለሁ፤ ረጅም ነበሩ» አሉኝ። እንዴት ሆነው እንዳዩአቸው ብጠይቅ፥ «እጅ ነሥቼ፥ መሬት መሬት እያየሁ ነዋ!» አሉ።

ይህ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዓይናችን ያልፈራውን ነገር ሲያሳንስም ይሳሳታል። ደቻቱ ዓመቱን በሙሉ ለማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ጅቡን የሚፈራው ሰው በዚያው በዳርቻው ቤት ሠርቶ ይተኛ ነበር። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፥ እኔ ሳልወለድ፥ በደጋው የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ በሌሊት ወረደና ከ200 የሚበልጥ ሰው ፈጀ።

ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር መከላከያ ግንብ ተሠርቶአል። በሚመጣው ክረምት በዚያ የምታልፉ ታናናሾቻችን፥ ከግንቡ አጠገብ ቁሙና በራሳችሁ ቁመት ለኩት።