መሬቱ የማን ነው? ቤቱስ?
(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በአንድ ሶፍ የሚሰግዱ ጎረቤቶችን ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚያገናኝ፣ ወንድምና እህትን የሚያኳርፍ ነው፤ የመሬትና የቤት ጉዳይ። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚጓዝ ሰው ኢተያ ሲደርስ ግራና ቀኙን የስንዴ ማሳ ያያል። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ግን የማሳው ዳር እየተሸነሸነ ይታጠራል። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ በደብተር ቅጠል ላይ ውል ይጻፋል፤ ሁለት ሦስት ምስክር ይፈርማል። ከዓመታት በኋላ ክርክር ሲነሳ ወረቀቱ ለገዢውም ለሻጩም አይጠቅምም። ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ጉዳዩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ከ1967 በፊት በአርሲ ምድር የሚያርሰውና የመሬቱ ባለቤት ብዙ ጊዜ የተለያዩ ነበሩ። ጭሰኛው ከምርቱ እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን መንግሥት እርዳታ አሰላን ማዕከል አድርጎ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በምኅጻሩ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው አቀረበ፤ ምርትም ጨመረ። ነገር ግን እርሻው አትራፊ ሲሆን ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞችን ማፈናቀል ጀመሩ። ልማቱ የመጣለት ገበሬ በልማቱ ምክንያት ከመሬት ተነቀለ። የአካባቢያችን አባቶችና እናቶች የመሬት ነገር ሲነሳ አጥብቀው የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሸጥ መለወጥም ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወደ መንግሥት አዛወረ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ይህንኑ መሠረት ይዞ ቀጠለ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። አርሶ አደር ግን መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የሠራው ቤት፣ የተከለው ዛፍ፣ ያደረገው ቋሚ መሻሻል ደግሞ የራሱ ነው፤ ይሸጠዋል፣ ያወርሰዋል።

ስለዚህ ለጥያቄው አጭሩ መልስ ይህ ነው፤ መሬቱ የጋራ ነው፣ ቤቱና ተክሉ የግል ነው፣ በመሬቱ የመጠቀም መብቱ ደግሞ የባለይዞታው ነው። ሦስቱን የሚያደባልቅ ሰው ይሳሳታል።

አሁን ወደ ማሳው ዳር እንመለስ። አንድ አራሽ ከማሳው 200 ካሬ ሜትር ቆርጦ ሸጠ እንበል። ሁለቱም ክልክል መሆኑን ስለሚያውቁ በውሉ ላይ «መሬት ሸጥኩ» ተብሎ አይጻፍም። «ብድር ወስጃለሁ» ይባላል፤ ወይም «ስጦታ ሰጥቻለሁ»፣ ወይም በስፍራው የሌለ ጎጆ እንደተሸጠ ተደርጎ ይጻፋል። ምስክሮቹም እውነቱን እያወቁ ይፈርማሉ። ፍርድ ቤት የውሉ እውነተኛ ዓላማ የመሬት ሽያጭ መሆኑን ሲያረጋግጥ ውሉ ፈራሽ ነው፤ ሁለቱም ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ ይደረጋል። ገዢው ከስንት ዓመት በፊት የከፈለውን ያንኑ ብር ይዞ ይወጣል። ያ ብር ያኔ ቤት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ግን በሩንም አይገዛ። ሻጩም ገንዘቡን ከበላ ቆይቷል፤ ከየት ያመጣል? ከተማው ደርሶ ቦታው ለልማት ሲወሰድ ደግሞ ካሳው የሚጻፈው ስሙ በይዞታ ደብተሩ ላይ ለሰፈረው ሰው እንጂ በእጁ የደብተር ቅጠል ለያዘው አይደለም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ነገሩ ከዱንያ ኪሳራም ያልፋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሰው በእጁ የሌለውን እንዳይሸጥ ከልክለዋል። አንዲት ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ከሰባት ምድር እንደሚጠለቅለት አስጠንቅቀዋል፤ ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ብድር ሳይኖር ብድር ብሎ መፈረምስ የሐሰት ምስክርነት አይደለምን? ሽማግሌ ሆነን የምንጠራ ሰዎች ከሁሉ በፊት ልናስብበት ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ የመሬት መያዣ ወይም ወለድ አገድ የሚባለው ነው። አንድ ሰው ገንዘብ ያበድራል፤ ብድሩ እስኪመለስ የተበዳሪውን ማሳ እያረሰ ምርቱን ይበላል። ገንዘቡ ሲመለስ ሙሉውን ይቀበላል። ባንክ ወለድ አለበት ብሎ የሚሸሽ ሰው ይህንን ሲያደርግ ግን ምንም አይመስለውም። ለአበዳሪው ጥቅም እንዲያመጣ ታስቦ የተሰጠ ብድር የሪባ በር መሆኑን ዑለሞች አስተምረዋል። በሕግ በኩልም መንገዱ ሌላ ነው። በ2016 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለአበዳሪ ተቋም ዋስትና እንዲያደርግ ፈቅዷል። ከጎረቤት ጋር በቃል የሚደረግ መያዣ ግን ይህ አይደለም። የተቸገረን ጎረቤት ያለ ጥቅም ማበደር፣ ካልሆነም ማሳውን በግልጽ ዋጋ መከራየት ይሻላል።

ኪራይና የእኩል እርሻ የተፈቀደ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የኸይበርን ምድር ከሚወጣው ምርት ግማሹን ለመካፈል ለሚያርሱት ሰጥተዋል። ነገር ግን የመሬት ሕጉ ልክ ያበጃል። በ1999 የወጣው የኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 130 ገበሬው ከይዞታው እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ እንዲያከራይ፣ ጊዜውም በባህላዊ እርሻ ከ3 ዓመት፣ በዘመናዊ እርሻ ከ15 ዓመት እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ዓላማው ገበሬው ኑሮ ሲከብደው መሬቱን ሙሉ በሙሉ አሳልፎ ሰጥቶ ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው። ውል ከመፈራረማችሁ በፊት ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን ገደብ ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ውሉንም እዚያው አስመዝግቡ።

ሦስተኛው የውርስና የሴቶች ሐቅ ነው። በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር። ደብተሩ በባል ስም ብቻ ስለወጣ የሚስት ድርሻ የለም ማለት አይደለም። የጋራ የሆነ ቤትም ሚስት ሳትስማማና ሳትፈርም አይሸጥም። አባት ሲሞት «ሴት ልጅ ባሏ ቤት ሄዳለች» ተብሎ ድርሻዋ የሚቀርበት ልማድ ደግሞ ከሕግም ከዲንም የለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ ወላጆች ከተዉት ለወንዶችም ለሴቶችም ድርሻ እንዳለ፣ ያ ድርሻ ቢያንስም ቢበዛም የተወሰነ መሆኑን ነግሮናል።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ቤት፣ ከብትና ገንዘብ እንደ ማንኛውም ንብረት ይወረሳል። በገጠር መሬት የመጠቀም መብት ግን ለማን እንደሚተላለፍና እስከ ምን ድረስ እንደሚከፋፈል የመሬት ሕጉ ራሱ ይደነግጋል። ለምሳሌ የ1999ኙ የኦሮሚያ አዋጅ የዓመታዊ ሰብል ይዞታ ወደፊት ከግማሽ ሄክታር እንዳያንስ ደንግጎ ነበር። ስለዚህ ሰባት ልጆች አንድ ሄክታር ለሰባት መቁረጥ አይችሉም፤ አብረው ሊያርሱ ወይም ምርቱን በድርሻቸው ሊካፈሉ ግን ይችላሉ። የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ውርስን የሚያየው ተከራካሪዎቹ በፈቃዳቸው ሲስማሙ ብቻ ነው። ወራሾች ከቀብሩ ማግስት ሳይሆን ቁጣ ሳይገባ፣ አባት በሕይወት እያለ ቢነጋገሩ ምንኛ መልካም ነበር!

አራተኛው የከተማ ቤት ግዢ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። የስም ዝውውሩ በመዝገብ ካልሰፈረ ገዢው በሦስተኛ ወገን ላይ መከራከሪያ አይኖረውም። በመሆኑም ቤት የምትገዙ ሁሉ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አምስት ነገሮችን አረጋግጡ። ካርታው በማን ስም ነው? የሻጩ ባለቤት ተስማምታለች? ቤቱ በባንክ ተይዟል ወይስ የፍርድ ቤት እግድ አለበት? ግብሩና የሊዝ ክፍያው ተከፍሏል? በካርታው ላይ የተጻፈው ስፋት መሬት ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? የአምስቱ መልስ የሚገኘው ከደላላ አንደበት ሳይሆን ከማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ነው። ዋናው ገንዘብ የሚከፈለውም በውል ቦታ ፊት ለፊት ይሁን።

መሬት ለመስጊድ ወይም ለመቃብር የሚሰጡ ደጋግ ሰዎች አሉ፤ አላህ ይቀበላቸው። እነሱም ስጦታቸውን በሕይወት ሳሉ በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ። የቃል ወቅፍ ሰጪው ሲያልፍ በወራሾችና በጀመዓው መካከል የጠብ ምክንያት ሆኖ ሊቀር ይችላልና።

በመጨረሻም የከተማው ፕላን ማሳችሁ ላይ ሲደርስ መብታችሁን እወቁ። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሊወስድ ይችላል፤ ግን ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ መክፈል አለበት። በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለዘለቄታው ለተነሳ አርሶ አደር የዓመት አማካይ ገቢውን 10 እጥፍ ያሰላ ነበር። በ2011 የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ሲወጣ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ላላገኘ ሰው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የዓመት ገቢ 15 እጥፍ አደረገው፤ በማሳው ላይ ያለ ንብረት ካሳ ለብቻው ነው። ቆጠራ ሲካሄድ በስፍራው ተገኙ፤ የተቆጠረውን ዛፍና ቤት ጻፉ፤ ያልተስማማችሁበትን በተሰጠው የጊዜ ገደብ ውስጥ በጽሑፍ አቤት በሉ። ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚነሳ እሪታ ሰሚ አያገኝም።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ በሱረቱ አል-በቀራህ የሚገኘው ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገረው ነው። አላህ (ሱ.ወ) ውላችንን እንድንጽፍ ያዘዘን እርስ በርሳችን እንድንጠራጠር አይደለም፤ መተማመናችን እንዲጠበቅ ነው። እውነቱን እንጻፍ፤ የጻፍነውን እናስመዝግብ፤ የእህታችንን ድርሻ ሳትጠይቀን እንስጥ። አላህ ሐላሉን አብቅቶን ከሐራሙ ይጠብቀን። አሚን።