ገዳም የነበረው ትምህርት ቤት
(በአቃቂ ቃሊቲ በተደረገ የመምህራን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ አንድ የጀርመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክና ሕንፃ ልናገር ስነሣ፣ «ይህ ከአቃቂና ከቃሊቲ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ጥያቄ በብዙዎቻችሁ ልቡና ሳያድር እንደማይቀር እገምታለሁ። የመረጥሁት በቱሪንጊያ ምድር፣ በጎታ ከተማ የሚገኘውን ኤርነስቲኑም ጂምናዚየም ነው። ጂምናዚየም ማለት ጀርመኖች ተማሪን ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚጠሩበት ስም ነው። ይህን ትምህርት ቤት የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሕንፃና ዘመን ሲለዋወጡ ስሙ ሳይጠፋ ለምን እንደ ቆየ መመርመር ለእኛ ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ ጎታ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ አገራችንን ያስተዋወቀባት ከተማ ናት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የትምህርት ቤቱ መነሻ 1524 ነው። በዚያ ጊዜ የማርቲን ሉተር የሃይማኖት ተሐድሶ ጀርመንን እያናወጠ ነበር። ፍሪድሪኽ ሚኮንዩስ የተባለው ሰባኪ በጎታ የነበረውን ትምህርት አደራጅቶ የከተማውን ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ማደሪያውም መነኮሳቱ የለቀቁት የአውግስጢኖሳውያን ገዳም ሆነ። አዲስ ሕንፃ እስኪታነጽ አልተጠበቀም። ለጸሎትና ለዝምታ የተሠራው ግቢ የልጆች ድምፅ ይሰማበት ጀመር። የዚህ ዓይነቱ ገዳም አሠራር መካከሉ አደባባይ፣ ዙሪያው ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ነው፤ ሰው ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ ዝናብ አያገኘውም። ለመነኩሴ የታሰበው አሠራር ለተማሪም ተስማማ።

መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ ከ1618 እስከ 1648 የቆየው የሠላሳ ዓመት ጦርነት አገሩን አወደመው። መስፍኑ ኤርነስት በጎታ የነገሠው ጦርነቱ ገና ሳይበርድ ነበር። በ1643 «የሰላም ድንጋይ» የሚል ትርጉም ያለውን የፍሪደንሽታይንን ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመረ። ነገር ግን ከድንጋዩ በፊት የተነሣው ደንብ ነው። የትምህርት ቤቱ ሬክተር አንድሬያስ ሬይኸር በ1642 የትምህርት አሰጣጥ ደንብ አዘጋጀ። በደንቡ መሠረት የከተማውም ሆነ የገጠሩ ልጅ፣ ወንዱም ሴቷም፣ ትምህርት ቤት የመሄድ ግዴታ ነበረበት፤ ልጁን የሚያስቀር ወላጅም መቀጫ ይጠብቀው ነበር። መምህሩ ምን ማስተማር እንዳለበትና ልጆቹን እንዴት መያዝ እንደሚገባው በጽሑፍ ሰፈረ። ጦርነት ባደኸየው አገር ውስጥ ይህ የተደረገው በሀብት ብዛት ሳይሆን በሐሳብ ጽናት ነው።

እንግዲህ የአገራችን ሰው ከዚህ ታሪክ ጋር የሚገናኘው በዚህ ጊዜ ነው። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በሮም ሳሉ በ1649 ከወጣቱ ጀርመናዊ ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ። ሉዶልፍ በመስፍኑ ኤርነስት አገልግሎት ከገባ በኋላ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 በመስፍኑ ጥሪ ወደ ጎታ መጡ። በገዳሙ ትምህርት ቤት አላስተማሩም፤ ያረፉት በቤተ መንግሥቱ ነው። ሆኖም ባሳለፏቸው ጥቂት ወራት ስለ ኢትዮጵያ መንግሥት፣ ሃይማኖትና ኑሮ የተጠየቁትን ሁሉ መለሱ፤ የግዕዝንና የአማርኛን ምሥጢርም ለሉዶልፍ ገለጡለት። ሉዶልፍ የሰማውን ጻፈ። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን አላዩም፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። ሰውዬው በባሕር ሲቀሩ ዕውቀታቸው የተረፈው በወረቀት ስለ ሰፈረ ብቻ ነው።

የትምህርት ቤቱ ፍሬ በጎታ ብቻ አልቀረም። በዚያ የተማረው አውጉስት ኸርማን ፍራንከ በሃለ ከተማ በ1695 የድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1698ም ለወላጅ አልባ ልጆች የታሰበውን ታላቅ ሕንፃ መሠረት ጣለ። የጎታው ትምህርት ቤት ራሱ ከጊዜ በኋላ ከገዳሙ ወጥቶ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛወረ፤ የመስፍኑንም ስም ያዘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በምሥራቅ ጀርመን ጥንታዊው የጂምናዚየም ሥርዓት ተሻረ። ጀርመን በ1990 ከተዋሐደች በኋላ ግን ኤርነስቲኑም በስሙ እንደገና ተነሣ። ስሙን መልሶ ለማቆም የተቻለው ታሪኩ ተጽፎ የቆየ በመሆኑ ነው።

ወገኖቼ፤
በእኛም ባህል ትምህርት ቤቱን «ቤት» ብለን እንጠራዋለን፤ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እንላለን። ነገር ግን ቤቱ ብዙውን ጊዜ ጎጆ ወይም የዛፍ ጥላ ነው፤ ቤት የሚያሰኘው መምህሩ ነው። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ አገር የሚያቋርጠው ግድግዳ ፍለጋ ሳይሆን የኔታን ፍለጋ ነው። ይህ ትልቅ ክብራችን ነው፤ ድካማችንም ከዚሁ ይመነጫል። ወንበሩን የሚተካ ደቀ መዝሙር ካልተገኘ የኔታ ሲያልፉ ተማሪው ይበተናል፣ ጎጆውም ይፈርሳል፤ ማን መቼ እንዳስተማረ የሚያውቅ ይጠፋል። በጎታ መምህሩም ሕንፃውም ሲለወጡ ደንቡና መዝገቡ አገናኟቸው።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንመለስ። አቃቂ የባቡር ጣቢያ፣ ከዚያም የፋብሪካዎች መንደር ሆና ያደገች ናት። ዛሬ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተሠርተው ሕዝቡ በዝቷል። አዳዲስ የመማሪያ ክፍሎች ሲታነጹ አሮጌዎቹ ይፈርሳሉ፤ መፍረሳቸውም አንዳንድ ጊዜ ግድ ነው። የሚያሳዝነው ከግድግዳው ጋር አብሮ የሚፈርሰው ታሪክ ነው። የጭቃው ክፍል በማን መዋጮ ቆመ? ብሎኬቱን ማን አቀበለ? የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ምን ሆኑ? ይህን የሚያውቁት ጡረታ የወጡ መምህራን፣ የጥበቃ ሠራተኞችና አረጋውያን ወላጆች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም አይጠብቀንም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዳችን በምናስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ጠንካራ መዝገብ እንክፈት። እያንዳንዱ ሕንፃ መቼና በምን ወጪ እንደ ተሠራ፣ ማን እንዳስተማረበት፣ መቼ እንደ ታደሰ ወይም እንደ ፈረሰ ይጻፍ። የጽሑፉ ሥራ ለአንድ ሰው ብቻ አይተው፤ ተማሪዎች ከአረጋውያን ጠይቀው ያምጡ፣ መምህራን ያጣሩ፣ ርእሰ መምህሩም ሲለወጥ ከማኅተሙ ጋር ያስረክብ። ለዚህ ሥራ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ ደብተር፣ እስክርቢቶና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ሉዶልፍ የአባ ጎርጎርዮስን ቃል ባይጽፍ ኖሮ እኒያን ሊቅ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የሚያነሣቸው ባልኖረም ነበር። የእኛን የኔታዎች ግን ከባሕር ማዶ መጥቶ እስኪጽፍልን ድረስ ማንንም ልንጠብቅ አይገባንም።