ማስተባበያ ከመጻፋችን በፊት



ስለ ሐሰተኛ መረጃ ሲነሣ ጣታችን ቶሎ የሚቀሰረው ወደ ፌስቡክና ወደ ቴሌግራም ነው። እኔ ዛሬ ወደ ራሳችን፣ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ጠረጴዛ ልመልሳችሁ እፈልጋለሁ፤ መግለጫ ወደሚረቀቅበት ጠረጴዛ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ስድስት ደቂቃ በርሮ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157 ሰዎች አለቁ። እንዲህ ባለ ቀን የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ስልክ ያለ ማቋረጥ ይጮኻል፤ ቤተሰብ ደጅ ላይ ያለቅሳል፤ እጅ ላይ ያለው የተረጋገጠ ነገር ግን አንድ መዳፍ አይሞላም።

አየር መንገዱ በዚያ ረፋድ ያወጣውን የመጀመሪያ መግለጫ ዛሬም አውጥቼ አነባለሁ። አውሮፕላኑ የተነሣበትን ደቂቃና ግንኙነቱ የተቋረጠበትን ደቂቃ ቁርጥ አድርጎ ይናገራል። ተሳፋሪዎቹ 149፣ የበረራ ሠራተኞቹ 8 እንደሆኑ ይታመናል ይልና ዝርዝሩ ገና እየተጣራ መሆኑን ይጨምራል። በሕይወት ስለተረፈም ሆነ ስለ ሞተ ሰው የተረጋገጠ መረጃ እንደሌለው ሳይሸሽግ ይገልጻል። «እየተጣራ ነው» ብሎ መጻፍ ቀላል የሚመስለው በዚያ ወንበር ላይ ላልተቀመጠ ሰው ነው። አለቃም ጋዜጠኛም የሚፈልገው የተቆረጠ ቃል ነውና። በዚያው ቀን ዋና ሥራ አስፈጻሚው አቶ ተወልደ ገብረ ማርያም ራሳቸው አደጋው ቦታ ድረስ ሄደው ስብርባሪው መካከል ቆሙ፤ ጋዜጠኞች ፊትም ቀረቡ።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር አልሰመረም። የአየር መንገዱ መግለጫ ስለ ተጎጂዎች ገና እያጣራሁ ነው በሚልበት ረፋድ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የሐዘን መግለጫ አውጥቶ ነበር። ቤት ውስጥ ስልክ ይዛ ለምትጠብቅ ሚስት የሁለቱ ቃል ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን አንድ ቁጥር ነው። አየር መንገዱ ረዳት አብራሪው 200 ሰዓት እንደበረረ ገለጸ። መጋቢት 26 ቀን ይፋ የሆነው የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርት ግን ጠቅላላ ሰዓቱን 361 ብሎ አሰፈረ፤ ከዚህ ውስጥ 207ቱ በቦይንግ 737 የተበረሩ ናቸው። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ማንም ለማታለል አላሰበም። ነገር ግን ቁጥሩ ከሦስት ሳምንት በላይ ዓለምን ሲዞር «ልምድ የሌለው አብራሪ» የሚለው ክስ በእርሱ ላይ ተንጠላጥሎ ሄደ፤ ዋና አብራሪው ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረ መሆኑ እየተዘለለ። ሪፖርቱ ይፋ ሲደረግ አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ቅደም ተከተል ደጋግመው እንደፈጸሙ ተመሠከረላቸው። የቦይንግ ኃላፊ ዴኒስ ሙይለንበርግም በዚያው ቀን የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋው ሥርዓት በተሳሳተ የሴንሰር መረጃ እንደተነሣ አመኑ። ያም ሆኖ በግንቦት ወር የአሜሪካ ምክር ቤት ውስጥ አብራሪዎቹን የሚወቅስ ድምፅ ተሰማ። ቦይንግ የአሜሪካን የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለማታለል አሢሯል በሚል ተከስሶ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል የተስማማው በታኅሣሥ 2013 ነው። እነዚያ ሁለት ወጣቶች ይህን ሁሉ ጊዜ ከሞቱ በኋላም ሲታሙ ከረሙ። ከእኛ ወገን የወጣ አንድ ያልተጣራ ቁጥር ለሐሜቱ እንጨት ማቀበሉን ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

ወሬን በማስተባበል በኩል ደግሞ ሌላ ምሳሌ ላንሣ። በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣት ሲችሉ «ባንኩ በሳይበር ተጠቃ» የሚለው ወሬ ወዲያው ተነዛ። ባንኩ ጥቃት እንዳልደረሰበት፣ ችግሩ ከራሱ ሲስተም የመጣ መሆኑን ተናገረ። ይህ ማስተባበያ የሚናገረውን ተቋም ራሱን ዋጋ የሚያስከፍል ነው፤ ክብደት ያገኘውም በዚህ ይመስለኛል። እርግጥ ነው፣ ሐሰተኛ መረጃ የሚያሠራጭን ሰው የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለን። አዋጁ ጥፋተኛውን ይቀጣ ይሆናል፤ የእኛን መግለጫ ግን ማንም አንብቦ እንዲያምነው አያደርግም።

ስለዚህ ረቂቅ ይዞ ለሚመጣ ወጣት ባልደረባ መጀመሪያ የማቀርብለት ጥያቄ «ከወሬው ውስጥ እውነት የሆነው የቱ ነው?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የተማርኩት በሰው ላይ ጉዳት አድርሼ ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ስሠራ «ውኃው ተመርዟል» የሚል ወሬ ከተማውን አዳረሰ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ማስተባበያ እንዳወጣ ታዘዝኩ። «ወሬው ፍጹም መሠረተ ቢስ ነው፤ ኅብረተሰቡ ሳይደናገር ውኃውን ይጠቀም» ብዬ ጻፍኩ። በእርግጥም መርዝ አልነበረም። ሆኖም በአንድ ሰፈር የተሰበረ መስመር ፍሳሽ ያስገባ ነበር። የጥገና ክፍሉ ያውቅ ነበር፤ ቢሮው ከእኔ ቢሮ ሁለት በር ብቻ ይርቅ ነበር፤ ሄጄ አልጠየቅሁም።

በማግሥቱ ጠዋት ከዚያ ሰፈር አንዲት እናት መጡ። በሃይላንድ ጠርሙስ የያዙትን ቡና የመሰለ ውኃ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ መሠረተ ቢስ ያልከው ይኼንን ነው?» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ሌሊቱን ሲያስመልሰው አድሮ ነበር።

«ሳታፈሉ አትጠጡ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ያወጣነው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነን ሰፈሩን ስንዞር ሴቶች ከቦኖው ተሰልፈው ይቀዱ ነበር። ቀና ብሎ ያየን ጥቂት ነው።