ምን በየትኛው ወር ይረክሳል
(ባለፈው እሁድ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)

ስለ አትክልት ተናገሪ ስትሉኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። እኔ ከአስረኛ ክፍል የወጣሁ የቤት ሠራተኛ ነኝ እንጂ የግብርና ባለሙያ አይደለሁም። ግን የቀድሞ ማዳሜ ቤተሰቦች ሹፍ ተራራ ላይ ትንሽ እርሻ አላቸው። አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወሰዱኝ ምኑ መቼ እንደሚደርስ በእጄ ለቅሜ አውቄያለሁ። አሁን ተመላላሽ ሆኜ ዶራ ከአምስት ሴቶች ጋር ስኖር ያ ጠቀመኝ። ከ2019 (እ.ኤ.አ.) በፊት አንድ ዶላር 1,500 ሊራ ነበር፣ ዛሬ ወደ 90,000 ነው። ለቤተሰብ የምንልከው ከሆዳችን ላይ ተቀንሶ ነው።

መጀመሪያ ይህን ያዙ፦ የዚህ አገር ዝናብ የኛ ግልባጭ ነው። እኛ ጋ ክረምት ሰኔ ገብቶ መስከረም ይወጣል። እዚህ ደግሞ ዝናቡ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፣ በጋው ድርቅ ያለ ነው። ስለዚህ ቅጠላ ቅጠል የሚረክሰው በብርዱ ነው፣ ቲማቲምና ኪያር በሙቀቱ።

በብርዱ ሰልቅ የሚሉት አለ፣ እሱ የኛው ቆስጣ ነው። ስፒናችና ጥቅል ጎመንም በሽ ነው። የሀበሻ ጎመን ናፈቀኝ የምትሉ ግን የአበባ ጎመኑን ቅጠል ብሉ። ሻጩ ቆርጦ ይጥለዋል፣ «ልውሰደው?» ስትሉት በነፃ ይሰጣችኋል። ወፍራሙን አንኳር አውጥታችሁ ቀንጥሱት፣ ከጎመን ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ ቀቅሉት፣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት አብስሉት። እኔ ቤት የበላች ሴት ከአገር ቤት የመጣ መስሏት ነበር።

ዐቢይ ጾም ደግሞ ቅጠሉ በሞላበት ጊዜ ይገባል። ወደ ፋሲካ ሲጠጋ የባቄላ እሸት ይመጣል። እሸቱን ገዝታችሁ ከነልጣጩ ብትቀቅሉትም ይሆናል።

ቲማቲም ላይ አትቸኩሉ። ቀድሞ የሚወጣው የባሕር ዳሩ የፕላስቲክ ቤት ቲማቲም ነው፣ ውድ ነው፣ ጣዕምም የለውም። በቃ ግን ከባሕር ወለል 900 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ዘግይቶ ያደርሳል። ሐምሌና ነሐሴ የበቃውና የተራራው አንድ ላይ ሲገባ በሳጥን ግዙ። መብራቱን ታውቁታላችሁ፣ ፍሪጅ አትመኑ። ፈጭታችሁ ጨው ጨምራችሁ እስኪወፍር አንተክትኩት፣ በንጹሕ ማሰሮ አድርጋችሁ ላዩን ዘይት አፍስሱበት። ነጭ ሽንኩርትም ሰኔ አካባቢ ገዝታችሁ ነፋስ ያለበት ስቀሉ።

ቅመሙን በተመለከተ፣ ድንብላል (ኩዝባራ ይሉታል) እና ናዕና ዓመቱን ሙሉ አይጠፉም። ጤና አዳም ሰዛብ ይባላል፣ ሹፍ የድንጋይ ካብ ሥር ሲበቅል አይቻለሁ። ለቡና አንድ ቅርንጫፍ በቂ ነው፣ እርጉዝ የሆነች ግን አትንካው። የጥብስ ቅጠል እክሊል ይሉታል፣ በየአጥሩ ተተክሏል። በሶብላ ከፈለጋችሁ ከአገር ቤት ዘር አስመጡና በበጋ በቆርቆሮ ዝሩ፣ ብርድ ሳይገባ ቆርጣችሁ አድርቁ። የነሱ ሀበቅ ዘመዱ ነው ግን ሽታው አንድ አይደለም። ኮሰረትን እንኳ ተዉት፣ እዚህ አላገኘሁም።

ማዳም ቤት ለምታድሩት ደግሞ ወቅት ማለት ሥራ ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሙኔ አለ፦ የቲማቲም ድልህ፣ መክዱስ፣ በመጨረሻ ወይራ። ከሌሊት እስከ ሌሊት ነው፣ ባዝንም ነውር አይደለም። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሥራ ውል ግን በቀን ከ10 ሰዓት በላይ አይሠራም ይላል፣ በሳምንት አንድ ቀን እረፍትም አለው። እኔ ሳጥኑ በር ላይ ከወረደ በኋላ አልተናገርኩም፣ ያኔ ማንም አይሰማም። ሐምሌ ላይ ማዳሜ ቡና ስትጠጣ ቀስ ብዬ «እሁድ ከሠራሁ ማክሰኞ ላርፍ» አልኳት። አኮረፈች፣ በሦስተኛው ቀን እሺ አለች። የሠራሁበትን ቀን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። እናንተም ከአሁኑ ጻፉ።

በሉ፣ ሐሙስ ሳብራ ገበያ እንሄዳለን። አንድ ሳጥን ቲማቲም ለስድስት ነው፣ የምትካፈል ስሟን ለጸሐፊያችን ትስጥ። ማሰሮ ከነክዳኑ አጥባችሁ ኑ፣ ትላንትና ቃሪያ የተቀመጠበትን ሳይሆን።