የሚነበብ ማስጠንቀቂያ እንዴት ይጻፋል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ኮምፒዩተር ጥበቃ ጥቂት ቃል እንናገራለን። ንግግራችን ስለ መሣሪያው ሳይሆን ስለ አጻጻፍ ነው፤ ይህንንም የተማርነው ከራሳችን ስሕተት ነው።

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን የቴሌግራም ቻናል ላይ «የሳይበር ጥቃት ተጋላጭነትን ስለ መቀነስ» የሚል ረዥም ማስጠንቀቂያ አወጣን። ታላቅ ሥራ የሠራን መስሎንም ኮራን። ሳምንት ሳይሞላ ግን የአንዲት ጓደኛችን እናት፣ «በስሕተት ወደ አንቺ ስልክ የመጣውን ቁጥር ላኪልኝ» የሚል መልእክት በእኅታቸው ስም ደረሳቸው። እኅታቸው መስላቸው ላኩ። ለካ ቁጥሩ የራሳቸው ቴሌግራም መግቢያ ኖሮ፣ ሌባው ገብቶበት በእሳቸው ስም ከዘመድ ሁሉ ገንዘብ ይለምን ጀመር። «ማስጠንቀቂያችንን አላዩትም ነበርን?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «አይቼዋለሁ፤ ለእኔ የተጻፈ ግን አልመሰለኝም» አሉን። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ሌቦች ከእኛ ይልቅ አጻጻፍ ያውቃሉ። ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. ከፊሊፒንስ የተነሣው ቫይረስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን ያጠቃው በኢሜይል ነው። የመልእክቱ አርእስት በእንግሊዝኛ «እወድሃለሁ» የሚል ሲሆን፣ የፍቅር ደብዳቤ የሚመስል ፋይል ተያይዞበት ነበር። የመጣውም ከሚያውቁት ሰው ስለ ሆነ ብዙዎች ሳይጠራጠሩ ከፈቱት። አጭርና ልብ የሚነካ ቃል ይህን ያህል ኃይል አለው።

ክፉው በዚህ መንገድ ሰውን ካታለለ፣ ደጉ በዚሁ መንገድ ሰውን ሊጠብቅ አይችልምን? ስለዚህ ለክበባችን አራት ደንብ አወጣን። አንደኛ፣ በአንድ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ መናገር። ሁለተኛ፣ ሌባው በሚጠቀምበት ቃል መጀመር። ሦስተኛ፣ አንባቢውን ከማስፈራራት ይልቅ አሁኑኑ የሚያደርገውን መንገር። አራተኛ፣ በተታለለ ሰው አለመሳለቅ፤ የተሳለቁበት ሰው ሌላ ጊዜ ጉዳቱን ይደብቃልና።

በዚህም ደንብ ማስጠንቀቂያችንን እንደ ገና ጻፍነው፤

«እማዬ፣ ‹የመጣልሽን ቁጥር ላኪልኝ› ቢሉሽ፣ እኔ ነኝ ብዬ ብጽፍልሽም አትላኪ። መጀመሪያ ደውለሽ ድምፄን ስሚ። ዛሬ ማታ ደግሞ በቴሌግራምሽ ላይ ተጨማሪ የይለፍ ቃል አብረን እናስገባ፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ብቻ ለሌባ አይበቃውም።»

ይህን ጽሑፍ ለዘመዶቻቸው ቀድመው የላኩት ያችው የጓደኛችን እናት ነበሩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የተላከም ቁጥር አይመለስም። ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ዛሬ ማታ ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ይህን አንድ ሥራ ፈጽሙ።