ስለ ቤት ሽያጭ ድርድርና ስለ ድለላ ክፍያ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከፍርድ ቤት አዳራሽ ይልቅ በሻይ ቤት በረንዳና በገበያ ዳር የሚነገር ነው። ይሁን እንጂ በሻይ ቤት በረንዳ ተጀምሮ መጨረሻው ከችሎት ፊት የሚቆም ጉዳይ ብዙ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቤተሰብ በዘመኑ ከሚዋዋላቸው ውሎች ሁሉ ትልቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ የቤት ሽያጭ ወይም ግዢ ነው። የዕድሜ ልክ ጥሪት በአንድ ቀን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ይህን የሚያህል ውል ግን አንድ ወይፈን ከሚሸጥበት ጥንቃቄ ባነሰ ጥንቃቄ ሲፈጸም ይታያል።

የጨፋን ሸለቆ ሰው ስለ ዋጋ ድርድር ማስተማር የሚያሻ አይደለም። በበጋ የአፋር ከብት አርቢዎች ወደ ቦርከና ዳር ግጦሽ የሚመጡበት፣ በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ ገበያ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገበያይበት አገር ነው። ከብት ገዢ የበሬውን ጥርስ ገልጦ ዕድሜውን ያያል፤ ሻኛውን ይዳብሳል፤ አስነሥቶ ያስኬደዋል። ደላላው ቢያጋንንም ገዢው ዓይኑን ያምናል። የቤት ነውር ግን ከግድግዳው ላይ አይነበብም። ነውሩ ያለው በማዘጋጃ ቤት መዝገብ፣ በባንክ የመያዣ ሰነድ፣ ባልፈረመች ሚስት መብትና ባልተከፋፈሉ ወራሾች ዘንድ ነው። ስለዚህ በከብት ገበያ የለመድነው የድለላ ልማድ እንዳለ ወደ ቤት ገበያ ሲገባ ችግር ያመጣል።

ሌላም ምክንያት አለ። በእንደ ጨፋ ሮቢት ባለ ትንሽ ከተማ ሻጭና ገዢ ይተዋወቃሉ፤ ብዙውን ጊዜ በጋብቻ ወይም በዕድር ይገናኛሉ። ጎረቤቱን ፊት ለፊት «ስንት ትቀንስልኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ለብዙ ሰው ከባድ ነው፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። ደላላው የሚፈለገው ቤቱን ፈልጎ ለማግኘት ብቻ ሳይሆን ይህን የማያስደፍር ንግግር በሌላ አፍ ለማስነገር ጭምር ነው። ይህ እውነተኛ አገልግሎት ነው፤ ክፍያም ይገባዋል። ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ዋጋ ሳይነጋገሩ የሚስማሙ ከሆነ፣ የዋጋው እውነት ያለው በመካከለኛው ሰው ኪስ ውስጥ ብቻ ነው ማለት ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ የሚጎዳን የድለላ ክፍያ መኖሩ ሳይሆን መደበቁ ነው።

በቅድሚያ ደላላ በሕግ ፊት ማን እንደ ሆነ እንመልከት። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በቁጥር 56 ደላላን ሲተረጉም፣ በራሱ ነጻነት፣ ሙያው አድርጎና ጥቅም ለማግኘት፣ እንደ ሽያጭና ኪራይ ያለውን ውል የሚዋዋሉ ሰዎችን እየፈለገ የሚያገናኝ ሰው ነው ይላል። ይህ የሕጉ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ቢተካም ትርጓሜው ዛሬም ለማሰላሰያ ይረዳናል። «በራሱ ነጻነት» የሚለው ቃል ትልቅ ነገር ይዟል። ደላላ የሻጭም የገዢም ወኪል አይደለም። ሻጩ «የኔ ደላላ»፣ ገዢውም «የኔ ደላላ» እያሉ ምሥጢራቸውን የሚያካፍሉት ግን አንድ ሰው ሆኖ ይገኛል። ሻጩ «እስከዚህ ድረስ እወርዳለሁ»፣ ገዢው «እስከዚህ ድረስ እወጣለሁ» ሲሉት በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው።

ነገሩን በአኃዝ እንመርምረው። አንድ ቤት 1,500,000 ብር ያወጣል እንበል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ ጊዜ ሲጠየቅ እንደሚሰማው ድርሻው ከመቶ 2 ቢሆን ሻጩ ለደላላው የሚከፍለው 30,000 ብር ነው። ደላላው አንድ ወር ታግሦ፣ ተመላልሶና ደክሞ ቤቱን በ1,550,000 ብር ቢያሸጠው የሻጩ ገቢ በ50,000 ብር ሲጨምር የደላላው ድርሻ የሚጨምረው 1,000 ብር ብቻ ነው። ለ1,000 ብር ሲል አንድ ወር የሚጠብቅ ደላላ አይገኝም። «አሁን ሽጠው፣ ነገ ገዢ አታገኝም» የሚለው ምክር ሁልጊዜ ከክፋት የሚመነጭ አይደለም፤ ከሒሳቡ የሚመነጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ስቲቨን ሌቪትና ቻድ ሲቨርሰን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት በአሜሪካ በቺካጎ አካባቢ የተፈጸሙ 100,000 ያህል የቤት ሽያጮችን መርምረው ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያረጋግጣል። ደላሎች የገዛ ቤታቸውን ሲሸጡ ከደንበኞቻቸው ቤት ይልቅ 10 ቀን ያህል አስበልጠው ይታገሡና ከመቶ 3 በላይ ብልጫ ባለው ዋጋ ይሸጣሉ። እንግዲህ ሻጭ የደላላን ምክር ሲሰማ ምክሩ የማንን ሒሳብ እንደሚከተል ማወቅ ይገባዋል።

ከዚህ የከፋው ግን «ከላይ ያለው የኔ» የሚባለው ልማድ ነው። ሻጩ «1,500,000 ብር በእጄ ይግባ» ይላል፤ ደላላው ለገዢው «የመጨረሻ ዋጋው 1,650,000 ነው» ይለዋል፤ የ150,000 ብሩ ልዩነት የደላላው ይሆናል። ይህ ከሻጩ ዋጋ ከመቶ 10 ማለት ነው። ልማዱ የሚኖረው ሻጭና ገዢ ዋጋ እንዳይነጋገሩ በመደረጉ ብቻ ነው። ስለዚህም «ባለቤቱን አታነጋግረው፣ ይቆጣል» ወይም «ገዢው ከፍ ያለ ሰው ነው፣ በኔ በኩል ይሁን» የሚል ቃል ሲመጣ ልዩነቱ ከዚያ ላይ እንዳለ መጠርጠር ይገባል። ከዚሁ ጋር «ሌላ ገዢ ጨምሯል» የሚለው፣ በሌለ ሰው ስም የሚደረግ የዋጋ ማናር ይከተላል። የአካባቢያችን ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ሳይገዙ ዋጋ ለማስወደድ ብቻ ዋጋ መጥራት፣ ነጅሽ የሚባለው፣ በእስልምና ሕግ የተከለከለ መሆኑን፣ ሁለት ሰዎች በተስማሙበት ግብይት ላይ ገብቶ ማበላሸትም እንዲሁ መሆኑን ዑለማዎቻችን ያስተምራሉ። ሰው በመስጊድ የሚያውቀውን ክልክል በደላላ ጠረጴዛ ላይ እንዳይዘነጋው ማሳሰብ የኛም ድርሻ ነው።

«የተታለለ ይክሰስ» ማለት ይቻላል። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1704 እንደሚለው ሦስተኛ ሰው ያደረገው ማታለል ውሉን የሚያስፈርሰው ሌላው ተዋዋይ ማታለሉን ያወቀ ወይም ማወቅ የሚገባው ሆኖ ሲጠቀምበት ነው። ሻጩ ደላላው ለገዢው ምን እንዳለው ካላወቀ ሽያጩ ይጸናል፤ ገዢውም ክርክሩን የሚገጥመው ከደላላው ጋር ብቻ ይሆናል። ደረሰኝ ካልሰጠ፣ ምስክር ካልጠራና በጽሑፍ ካላሠፈረ ደላላ ጋር የሚደረግ ክርክር ደግሞ ምን ያህል አድካሚ እንደ ሆነ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ዋጋ አቀራረቡ ልምጣ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ለሐሳቡ የጊዜ ገደብ የወሰነ አቅራቢ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በቃሉ ይታሰራል፤ ገደብ ያልወሰነም ለተገቢ ጊዜ ይታሰራል (ቁጥር 1690 እና 1691)። «እሺ፣ ግን 50,000 ቀንስልኝ» የሚል መልስ መቀበል አይደለም፤ የቀድሞውን ሐሳብ ውድቅ ማድረግና አዲስ ሐሳብ ማቅረብ ነው (ቁጥር 1694)። ዝም ማለትም መስማማት አይባልም። ይሁንና ቤት የማይንቀሳቀስ ንብረት ስለ ሆነ ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት (ቁጥር 2877)፤ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ፊት መደረግም አለበት (ቁጥር 1723)። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ይህንኑ አጥብቆታል። ሥርዓቱ ካልተሟላ ያለው ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም (ቁጥር 1720)።

የቀብድ ችግር የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። በሕጉ ቁጥር 1883 እና ተከታዮቹ ቀብድ የውል መኖር ማስረጃ ነው፤ ቀብድ የሰጠው ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። በ100,000 ብር ቀብድ ሻጩ ቢያፈርስ 200,000 ብር ይመልሳል ማለት ነው። ሕዝባችን ይህን በደንብ ያውቀዋል። የማያውቀው ግን ለቤት ሽያጭ መቅድም የሚሆነው ውልም እንደ ዋናው ውል ያለውን ሥርዓት መከተል እንዳለበት ነው (ቁጥር 1721)። በደላላ እጅ፣ በሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተሰጠ ቀብድ፣ ዋናው ውል ከሌለ፣ እጥፉን ቀርቶ ራሱን ለማስመለስ ሙግት ይጠይቃል። ቀብድ ለደላላ አይሰጥም፤ ለሻጩ፣ በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት ይሰጣል።

የተጻፈው ዋጋም እውነተኛው ዋጋ ይሁን። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110 ንብረት በስም ሲዛወር ከዋጋው ከመቶ 2 እንዲከፈል ደንግጎ ነበር። ይህን ለመቀነስ ሲባል 1,500,000 የተሸጠውን 1,000,000 ብሎ መጻፍ የብዙ ደላሎች ምክር ነው። በዚህ ሒሳብ የሚተርፈው 10,000 ብር ነው። በቁጥር 2005 መሠረት ግን ጽሑፍ በፈረሙት ሰዎች መካከል ሙሉ ማስረጃ ስለ ሆነ፣ ውሉ ቢፈርስ ገዢው በቀላሉ ማስረዳት የሚችለው 1,000,000 ብሩን ብቻ ነው። 10,000 ብር ለማትረፍ ሲባል 500,000 ብር ለአደጋ ይጋለጣል። መንግሥትን ማታለሉም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ለደላሎችም ፍትሕ መስጠት አለብን። ገዢና ሻጭ በደላላ ከተገናኙ በኋላ ተደብቀው ተስማምተው ደላላውን ባዶ እጁን የሚሰዱበት ጊዜ ብዙ ነው። ብዙ ደላላ ልዩነቱን ከዋጋው ላይ የሚደብቀው ድርሻው በግልጽ እንደማይከፈለው ስለሚያምን ነው። ስለዚህ የጽሑፍ ስምምነት ደላላውን የሚጎዳ ሳይሆን የሚጠብቅ ነው። በውጭ አገርም ሁኔታው ወደዚሁ ሄዷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሪልተሮች ማኅበር በክፍያ ምክንያት የቀረበበትን ክስ በ418 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ከዘጋ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ የገዢ ደላላ ቤት ከማሳየቱ በፊት ክፍያውን የሚገልጽ ስምምነት ከገዢው ጋር በጽሑፍ እንዲፈራረም ተደርጓል። በአገራችንም በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሪል እስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ አዋጅን አጽድቋል። ሕጉ በሁሉም ወረዳ ሥር እስኪሰድ ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ አይገባንም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አምስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የድለላ ክፍያ ከቤቱ ዋጋ በፊት ይነገር፤ በአንድ ገጽ ወረቀትም ይጻፍ። ስንት እንደ ሆነ፣ ማን እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፈል ይገለጽ። የሚመረጠው የተቆረጠ የብር መጠን ነው። ከመቶ ቢሆንም ከሁለቱም ወገን የሚቀበለውን ሁለቱም ይወቁ። ክፍያው ስም ሲዛወር እንጂ ቀብድ ሲሰጥ አይፈጸም።

ሁለተኛ፤ ዋጋው ከመፈረሙ በፊት ሻጭና ገዢ በአንድ ስፍራ ተቀምጠው፣ ደላላው ባለበት፣ የየራሳቸውን ቁጥር በአፋቸው ይናገሩ። ይሉኝታ ከያዛቸው ሁለቱም የሚያከብሩት አንድ ሽማግሌ ይቀመጥ። አበጋሮቹ ደም የሚያስታርቁበት አገር የቤት ዋጋ ለማናገር ሽማግሌ አያጣም።

ሦስተኛ፤ ገዢ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የይዞታ ካርታውን፣ የዕዳና የእግድ ማጣሪያውን፣ የባልና የሚስቱን ስምምነት፣ ከውርስ የመጣም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃውን ይመልከት። ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን አጽንቷል። ስለዚህ በከተማው ዳር ያለ የእርሻ መሬት «ቦታ» ተብሎ ሲቀርብ ድርድር ሳይሆን መመለስ ነው የሚሻለው።

አራተኛ፤ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ተዋዋዩ በሚሰማው ቋንቋ ይነበብለት። በዞናችን በአፋን ኦሮሞ ብቻ የሚሰማ ሻጭ በአማርኛ ውል፣ በአማርኛ ብቻ የሚሰማ ገዢም በአፋን ኦሮሞ ውል ላይ ደላላው «ሁሉም ደኅና ነው» ስላለው ብቻ እንዳይፈርም።

አምስተኛ፤ ይህን የአንድ ገጽ ወረቀት በሁለቱ ቋንቋዎች አዘጋጅተን በየቢሯችን በነጻ የምናድለው እኛው እንሁን። ለአባሎቻችን ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ቤት የሚወረስ ነገር ነው፤ የተገዛበት ዋጋና የተከፈለው ድርሻም አብሮት በጽሑፍ ሊወረስ ይገባል። ልጆች ከአባታቸው ቤቱን ብቻ እንጂ ሙግቱን እንዳይወርሱ ማድረግ በእጃችን ነው።